ጥይት ሲከሽፍ፣ ጠመንጃ ሲነክስ

ምላጩ ተስቧል፤ የተሰማው ግን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ነገር አለ፦ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ወደ ራሱ ያዞረዋል፣ መዝጊያውን ይነካካል፣ አንዳንዱማ አፈሙዙን ቀና አድርጎ ወደ ውስጥ ያያል። አጠገቡ የቆሙትም «ምን ሆነ?» እያሉ ይጠጋሉ። የከሸፈ ጥይት ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቅድም አፈሙዙ ወደ ዒላማው ዞሮ ነበር። አሁን ወደ ተኳሹ ጉልበት፣ ወደ ጎረቤቱ ሆድ፣ ለማየት ወደመጡት ልጆች ዞሯል፤ ጥይቱም ገና ውስጥ ነው።

ይህ መመሪያ በፈቃድ መሣሪያ ለሚይዙ ሰዎች ነው፦ ማሳውንና ከብቱን ለሚጠብቅ ገበሬ፣ ለቀበሌ ሚሊሻ፣ ለመጋዘንና ለባንክ ጥበቃ ሠራተኛ። በእነዚህ ሰዎች እጅ በብዛት የሚታየው ክላሽ ነው። ሲሞኖቭ የያዙም አሉ። ከአያት የወረደ ምንሽርና ቤልጅግ ዛሬም ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚገኝበት ቤት ጥቂት አይደለም። መሣሪያ ማን ይያዝ፣ እንዴት ይመዝገብ የሚለውን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመልሳል፤ ከዚህ በታች ያለው በሕግ የያዙት መሣሪያ እጅዎ ላይ እምቢ ሲል ምን እንደሚያደርጉ ነው።

አፈሙዙ ካለበት አይነቃነቅ

እምቢ ያለ ጠመንጃ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አሁኑኑ ሊተኩስ ነው ብለው ይያዙት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ባሉበት መቆም ነው። አፈሙዙ ምላጩን ሲስቡ ወደነበረበት አቅጣጫ እንዳለ ይቆይ። ሰው ከኋላ ቢጠራዎት አንገትዎን ብቻ ይመልሱ፤ ትከሻ ከዞረ አፈሙዝ አብሮ ይዞራል።

ወዲያው ጣትዎን ከምላጩ ያውጡና ከምላጩ ቀለበት በላይ፣ በጠመንጃው ጎን ላይ ቀጥ አድርገው ያስተኙት። ሰው ሲደነግጥ እጁ ሳያዘው ይጨበጣል፤ ጣቱ ምላጩ ላይ ከሆነ መሣሪያው ያን ጊዜ ይባርቃል።

ሦስተኛው ነገር ድምፅ ነው። «ከሽፏል! እንዳትጠጉ!» ብለው ጮክ ይበሉ። ጠመንጃው ዝም ማለቱ ለሌላው ሰው «አለቀ» ማለት ይመስለዋል፤ ያላለቀ መሆኑን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሁሉም ከኋላዎ እስኪሆኑ ድረስ ምንም አይንኩ።

አፈሙዙ የነበረበት አቅጣጫ ራሱ አደገኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ መንደር ካለበት፣ ቀስ ብለው ወደ ለስላሳ አፈር ያዙሩት። የእርከን ግድብ፣ ኩይሳ፣ የታረሰ መሬት ጥሩ ነው። ድንጋይና ኮንክሪት ጥይትን አንጥሮ ይመልሳል። ወደ ሰማይ ማቅናትም መፍትሔ አይደለም፤ የወጣው ይወርዳል፣ የት እንደሚወርድም የሚያውቅ የለም። የጭቃ ግድግዳንና ቆርቆሮን አይመኑ፤ የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ስለሚበር ሁለቱንም በቀላሉ ያልፋቸዋል። ጥበቃ ቤት አካባቢ የሚሠሩ ከሆነ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ደርድረው ቦታ ያዘጋጁ። መሣሪያ ሲያጎርሱም ሲያራግፉም አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደዚያ ይሁን።

ከዚያ ይቁጠሩ

ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሁ፣ በቀለሁ ቂጥ መሐል ያለችው ትንሽ ክብ ካፕሱል፣ ውስጥ ያለው ባሩድ፣ ጫፉ ላይ ያለው አረር። ምላጭ ሲሳብ የመምቻው መርፌ ካፕሱሏን ይመታል፤ እሷ ብልጭ ትልና ባሩዱን ትለኩሳለች፤ የባሩዱ ጋዝ አረሩን ይገፋል። ካፕሱሏ እርጥበት ከነካት ወይም ካረጀች ግን ብልጭታዋ ደካማ ይሆናል። ባሩዱ ወዲያው በመያያዝ ፈንታ ሊጨስ፣ ሊያመነታ፣ ከዚያ ድንገት ሊነሣ ይችላል። መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነው እንጂ ሁልጊዜ አይደለም።

ስለዚህ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ፣ ጥይቱ ያረጀ ወይም የማያውቁት ከሆነ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ አፈሙዙን ሳይነቀንቁ ይጠብቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቀስ ብለው እስከ ስልሳ ይቁጠሩ። ልብ ሲመታ ቁጥር ይፈጥናልና እያንዳንዱን ቁጥር በእርጋታ ይጥሩት።

ለምን መጠበቅ እንዳለበት ላልገባው ሰው ትዕግሥት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን ልንገርዎ። መዝጊያው ተቆልፎ ሳለ ጥይቱ ቢነሣ ኃይሉ የሚወጣው በአፈሙዙ በኩል ነው፤ ብረቱ የተሠራው ለዚያ ነው። ቸኩለው መዝጊያውን ሲከፍቱት ግን ጥይቱን ከብረት ምሽጉ እያወጡት ነው። ያን ጊዜ ቢፈነዳ ቀለሁ ራሱ ተበጣጥሶ ወደ ፊትዎና ወደ እጅዎ ይበተናል። አረሩ እንኳ ሩቅ ባይሄድ፣ የቀለሁ ስባሪ ዓይን ለማጥፋት በቂ ነው።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ካዝና በካዝና ላይ እየቀየሩ ብዙ ከተኮሱ በኋላ የከሸፈ ከሆነ፣ ጥይት መጉረሻው ራሱ ጋለ ማለት ነው፤ ማንም ምላጭ ሳይነካ ሙቀቱ ብቻ ባሩዱን ሊያስነሣው ይችላል። እንዲህ ካጋጠመ መዝጊያውን ሳይከፍቱ፣ አፈሙዙ ወደ አፈር እንደዞረ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ።

ማራገፍ

ቆጥረው ጨርሰዋል። አሁን ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ምግቡን ማቋረጥ፣ ቀጥሎ የጎረሰውን ማውጣት፣ በመጨረሻ ማየት። ይህን የገለበጠ ሰው፣ ማለትም ካዝናውን ሳይነቅል መዝጊያውን የሳበ ሰው፣ የከሸፈውን ጥይት አውጥቶ ደህናውን አጉርሶ «ባዶ ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ባዶ የተባለ መሣሪያ የሚባርቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ክላሽ ላይ ከምላጩ ቀለበት ፊት ያለውን ማንሻ ተጭነው ካዝናውን ወደፊት ሰበር በማድረግ ይንቀሉት፤ ኪስዎ ይክተቱት ወይም መሬት ያስቀምጡት። ቀጥሎ በቀኝ ጎን ያለውን መጠበቂያ ይመልከቱ። ላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ መሐል ላይ ተከታታይ ነው፣ ታች ነጠላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ መጠበቂያው ላይ ሳለ የማቀባበያው እጀታ እስከ መጨረሻው ወደኋላ አይሳብም። ስለዚህ ክላሽን ለማራገፍ መጠበቂያውን ማውረድ ግድ ነው፤ ባወረዱት ጊዜ ደግሞ ከመተኮስ የሚያግደው የጣትዎ ከምላጩ መራቅ ብቻ ነው። እኔ የምመክረው ሰደፉን ከጎንና ከክንድ መሐል አጥብቆ፣ በግራ እጅ ከፊት ያለውን እንጨት ይዞ፣ በቀኝ እጅ እጀታውን መሳብ ነው። ቀኝ እጅ እጀታው ላይ ካለ ምላጩ አጠገብ የለም።

ፊትዎን ዘወር አድርገው እጀታውን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሳቡት። ጥይቱ መሬት ይውደቅ። በመዳፍ ለመቀለብ አይሞክሩ፤ ጥይት የሚወጣበትን መስኮትም በእጅ አይሸፍኑ። ጥይት ዛሬ ውድ ነው፤ አፈር እንዳይነካው መሳሳቱ ይገባኛል። ግን በእጅ መዳፍ የሚመነዘር ዋጋ የለውም።

ደግመው ይሳቡ፣ ሠልሰው ይሳቡ። አሁን እጀታውን ወደኋላ እንደያዙ ወደ መጉረሻው ይመልከቱ፤ ጨለማ ከሆነ የትንሿን ጣትዎን ጫፍ ሰድደው ይዳስሱ። ዓይን ያየውን ጣት ያረጋግጥ። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ይፈልጉ። ስበው ጥይት ካልወጣ፣ መሬትም ላይ ካጡት፣ ገና ውስጥ ነው ብለው ያስቡ።

ሲሞኖቭ የሚነቀል ካዝና የለውም፤ አሥር ጥይቱ ሆዱ ውስጥ ነው። ከሆዱ በስተኋላ ያለችውን መቀርቀሪያ ሲስቧት ታችኛው ክዳን ይከፈትና ጥይቶቹ ይዘረገፋሉ። መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ መዝጊያውን።

ቤልጅግ በእጅ የሚከፈት መዝጊያ ስላለው የከሸፈውን ማውጣት ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው መዝጊያውን መልሶ ሲገፉ የሚቀጥለውን እንዳያጎርሱ ነው። እጀታውን ወደ ታች ሳያጥፉ ወደፊትና ወደኋላ በማመላለስ የቀሩትን አንድ በአንድ ያስወጡ። ጣሊያን ያመጣው ምንሽር ስድስት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ይጎርሳል፤ መዝጊያውን እንደከፈቱ በምላጩ ቀለበት የፊት ክፍል ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ማቀፊያው ከነጥይቱ ወደ ላይ ይወጣል። በሁለቱም ላይ መዝጊያውን ሲከፍቱ ራስዎን ከመዝጊያው መስመር ጎን ያድርጉ። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ከመጣ መሣሪያ ጋር የቆየ ጥይት ካለዎት ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፦ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው ጥይት ለቅርስነት እንጂ ለመተኮስ አይሆንም።

ድምፁ ፈዞ ሲወጣ

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ጠመንጃው የተበላሸ አይመስልም። ምላጩ ተስቦ «ጧ» በማለት ፈንታ «ጱፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ሰደፉ ትከሻን እንደወትሮው አይመታም። ከመስኮቱ ጭስ ይወጣል፤ ዒላማው ላይ ግን ምንም የለም። የሆነው ይህ ነው፦ ባሩዱ በሙሉ አልተቃጠለም ወይም ጨርሶ አልነበረም፤ ካፕሱሏ ብቻዋን አረሩን ገፍታ የአፈሙዙ ቱቦ መሐል አስቀርታዋለች።

ክላሽ መዝጊያውን የሚመልሰው ከሚተኮሰው ጥይት ጋዝ ጠልፎ ነው። አረሩ መንገድ ላይ ከቀረ ጋዙ ስለሚያንስ መዝጊያው ራሱን አያቀባብልም። ተኳሹም «ነከሰ» ብሎ ያስባል፣ በእጁ ያቀባብላል፣ ይተኩሳል። ሁለተኛው አረር በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ከመጀመሪያው ጋር ሲጋጭ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ቱቦው ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፣ ሲብስ መዝጊያው ከፊት ለፊትዎ ይፈነዳል። ይህን ሁሉ የሚያመጣው ሁለተኛው ተኩስ ነው፤ ሁለተኛው ተኩስ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። ስለዚህ ድምፁ ወይም ምቱ ከወትሮው የተለየ ከመሰለዎት፣ ቢጠራጠሩም ባይጠራጠሩም፣ ያቁሙ። ጓደኛዎ ሲተኩስ ያን ድምፅ ከሰሙም «ቁም!» ብለው ይጩኹ፤ ብዙ ጊዜ ከተኳሹ ይልቅ አጠገቡ ያለው በደንብ ይሰማዋል።

ለማረጋገጥ ከላይ እንዳልነው ቆጥረው ያራግፉ። ባዶነቱን ካዩና ከዳሰሱ በኋላ የክላሹን የላይኛ ክዳንና መዝጊያውን ይፍቱ። ከአፈሙዙ ሥር የተሰካውን የማጽጃ ዘንግ መዘው ከፊት በኩል ቀስ ብለው ይክተቱት። ጫፉ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ከታየ ቱቦው ክፍት ነው። መሐል ላይ ከቆመ አረሩ እዚያ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊትዎ ከአፈሙዙ ፊት አይሁን፤ ክፍቱን በዓይን ለማየት አፈሙዝ ውስጥ ማጮለቅ ከቶ የማይደረግ ነገር ነው። በምንሽርና በቤልጅግ መዝጊያውን አውጥተው ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ማየት ይቻላል።

አረሩ ተቀርቅሮ ካገኙት ሥራዎ አልቋል። በብረት ዘንግ እየቀጠቀጡ ለማውጣት አይሞክሩ፤ የውስጡን ጥርስ ይጎዱታል፣ አረሩንም የበለጠ ያጣብቁታል። «በሌላ ጥይት እገፋዋለሁ» የሚል ሰው ካለ መሣሪያውን ከእጁ ይውሰዱት። መዝጊያውን ለብቻው፣ ጠመንጃውን ለብቻው አድርገው ወደ መሣሪያ ባለሙያ ይውሰዱ።

አረር ባይቀረቀርም አፈሙዝ በሌላ ነገር ሊደፈን ይችላል። ዝናብ እንዳይገባ በጨርቅ የወተፈ ሰው መወተፉን ረስቶ ይተኩሳል። ጭቃ ላይ የወደቀ ጠመንጃ አፈሙዙን ሞልቶ ይነሣል። ተሰቅሎ በከረመ መሣሪያ አፍ ውስጥ ተርብ ጎጆ ሊሠራ ይችላል። ከወደቀም ከከረመም በኋላ በዘንግ ሳይፈትሹ አያጉርሱ። ዝናብ ከፈሩ አፈሙዙን ወደ ታች አዙረው ይሸከሙት።

ሲነክስ

መንከስ ከመክሸፍ ይለያል። እዚህ ጥይቱ ተኩሶ ወይም ሊጎርስ ሲል ብረቱ መሐል ተይዟል። ሦስት ዓይነት ያጋጥማል።

ቀላሉ ባዶ ቀለህ መውጫው መስኮት ላይ ቆሞ ሲቀር ነው። አፈሙዙ ወደ አፈር፣ ጣት ከምላጭ ውጭ፣ ካዝናው ይነቀል፣ እጀታው ይሳብ፤ ቀለሁ ይወድቃል። በጣት አይጎትቱት፤ መዝጊያው ወደፊት ሲመለስ ጣት ይቆርጣል።

ሁለተኛው መጉረሻ ውስጥ የተጣበቀ ቀለህ ነው። ዝገት፣ ጭቃ ወይም ያበጠ ቀለህ ያመጣዋል። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚያደርጉትን እለምንዎታለሁ አያድርጉት፦ ሰደፉን መሬት ተክለው እጀታውን በእግር መርገጥ። አፈሙዙ ወደ ላይ፣ ወደ አገጭዎ ቀንቷል፤ ውስጥ ያለው «ባዶ ቀለህ ነው» ብለው ያሰቡት ደግሞ ያልተተኮሰ ጥይት ሊሆን ይችላል። እጀታው በእጅ ኃይል ካልመጣ፣ ካዝናውን ነቅለው አፈሙዙን ወደ አሸዋው አዙረው ያስቀምጡና ባለሙያ ይጥሩ።

ሦስተኛውና ተንኮለኛው ሁለት ጥይት ባንድ ጊዜ ለመግባት ሲጋፉ ነው። አንዱ ጎርሷል፣ ሌላው ከኋላው ጫፉን በፊተኛው ቂጥ ላይ ተክሏል። መዝጊያውን በመዶሻ ወይም በመዳፍ ወደፊት ቢገፉት የኋለኛው አረር የፊተኛውን ካፕሱል እንደ መርፌ ይወጋዋል፤ መዝጊያው ሳይቆለፍ ይፈነዳል። ስለዚህ ወደፊት የሚባል ነገር የለም፤ ወደኋላ ብቻ። እጀታውን ወደኋላ ስበው ይያዙ፣ ካዝናውን ይንቀሉ፣ መሣሪያውን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርገው የላላው ጥይት እንዲወድቅ ያድርጉ፣ ከዚያ የጎረሰውን ያውጡ። ክላሽ መዝጊያውን ከፍቶ የሚያቆይ መያዣ ስለሌለው ይህ ሥራ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ አስተማማኝ ሰው ከጎንዎ ካለ እሱ ካዝናውን ይንቀል፣ እርስዎ እጀታውን አይልቀቁ።

ሽጉጥ ላይ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ልዩነቱ አጭርነቱ ነው፤ የእጅ አንጓ ትንሽ ሲታጠፍ አፈሙዙ የራስን ሌላ እጅ ያያል። በተለይ የላይኛውን ብረት ሲስቡ ግራ መዳፍዎ ከአፈሙዙ ፊት እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

የከሸፈውን ጥይት ምን ላድርገው?

ካፕሱሏን ይመልከቱ። ጥልቅ ጉድጓድ ካለባት መርፌው ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ጉድጓዱ ጭረት ያህል ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ መርፌው ተሰብሯል፣ ሞላው ደክሟል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ይህን ለባለሙያው ሲነግሩት ግማሹን ሥራ ጨረሱለት ማለት ነው።

ክላሽ ላይ ከመዝጊያው ጋር የወጣ ጥይት ካፕሱሏ ላይ በጣም ትንሽ ነጥብ ቢያዩ አይደንግጡ፤ መርፌውን ወደኋላ የሚይዝ ሞላ ስለሌለው ሲቀባበል በራሱ ንቅናቄ ይነካታል። በቅባትና በጥላሸት ተጣብቆ ወደፊት ከቀረ ግን፣ በክላሽም በአብዛኛው ሲሞኖቭም፣ መዝጊያው ሲዘጋ ምላጭ ሳይነካ ሊባርቅ ይችላል። ለዚህ ነው ማጉረስም አፈሙዝ ወደ አፈር ዞሮ የሚደረገው። መዝጊያውን ፈትተው ሲወዘውዙት መርፌው «ኳ፣ ኳ» እያለ ወዲያና ወዲህ ካልተንቀሳቀሰ ሳይጸዳ አይተኮስበትም።

የከሸፈውን ጥይት መልሰው አያጉርሱት። ባሩዱን ለማውጣት በጉጠት አይፍቱት፣ በድንጋይ አይምቱት፣ እሳትና አመድ ውስጥ አይጣሉት፣ ሽንት ቤት አይክተቱት። ልጆች የሚያገኙት ቦታማ ፈጽሞ። ከደህናዎቹ ለይተው በተለየ ዕቃ ያስቀምጡና ለፖሊስ ወይም መሣሪያውን ለመዘገበው አካል ያስረክቡ።

እንዳይከሽፍ

ጥይት በዝናር ለዓመታት ሲከርም የቆዳው ንጥረ ነገር ከነሐሱ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል። ያ ሻጋታ ቀለሁን ይበላዋል፤ መጉረሻም ውስጥ ያጣብቀዋል። ዝናር ለሠርግና ለበዓል ያምራል፤ የጥይት ማኖሪያ ግን ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ከምድጃ ጭስ የራቀ ዕቃ ነው። አረንጓዴውን በአሸዋ ፈትገው ለማጥራት ከመልፋት ጥይቱን ይለዩት። ጥይት ዘይትም ቅቤም አይቀባም፤ ቅባት ወደ ካፕሱሏ ዘልቆ ያከሽፋታል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጥይቱ ዓይነት ነው። «7.62» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የክላሽና የሲሞኖቭ ጥይት ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድራጉኖቭ 54 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቂጡ ላይ ከንፈር አለው። ቤልጅግ 7.92፣ ምንሽር 6.5 ይተኩሳል። በግድ የሚገባ ጥይት የዚያ ጠመንጃ አይደለም።

ከገበያም ከግምጃ ቤትም የሚገኘው የድሮ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ብዙው ሲተኮስ ጨው የሚተው ካፕሱል አለው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ በአንድ ሌሊት ያዝጋል፤ ዘይት ብቻ ደግሞ ጨውን አያሟሟውም። በተኮሱበት ዕለት ቱቦውን፣ መዝጊያውንና የጋዝ መንገዱን በሙቅ ውሃ ይጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ከዚያ ስስ ዘይት ያስነኩ። ካዝናዎችን ደግሞ ቁጥር ይስጧቸው። ከንፈሩ የተጣመመ ወይም ሞላው የደከመ ካዝና ጠመንጃውን ደጋግሞ ያስነክሳል፤ ቁጥር ካለው ጥፋተኛው በቶሎ ይታወቃል።

ሰው በተሰበሰበበት

ሠርግና ለቅሶ ላይ ባይተኮስ እመኛለሁ፤ ይህን የምለው ባህሉን ንቄ አይደለም። ከላይ የተጻፈው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ባዶ አቅጣጫና አንድ ደቂቃ ጸጥታ። ዳስ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ሴቶች እልል እያሉ፣ ልጆች ቀለህ ለመልቀም እየተሽቀዳደሙ፣ ጠጅ የቀመሰ ሰው የከሸፈበትን ክላሽ ይዞ ሲዞር ማን ይቆጥራል? እዚያ ካሉና ከሸፈ የሚል ከሰሙ መጀመሪያ ልጆቹን ያርቁ። ሰውየውን ከፊት አይጠጉት፤ ከኋላው በኩል ቀርበው፣ እጁን ሳይነጥቁ፣ «አያ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ጣትህን አውጣ» ብለው በእርጋታ ይናገሩት። መሣሪያ መነጣጠቅ ራሱ ያስባርቃል።

ጉዳት ከደረሰ መሣሪያውን ለማየት ጊዜ አያጥፉ። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ደሙ ከእጅ ወይም ከእግር እየፈነጠቀ ካልቆመ ከቁስሉ በላይ ሰፋ ባለ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፣ የታሰረበትንም ሰዓት ይያዙ። ዓይን ውስጥ የገባ ስባሪ ሳይነካ፣ ዓይኑ ሳይታሽ፣ ላዩ ተሸፍኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ተረኛው ይወቅ

በጥበቃ ሥራ ላይ አንድ መሣሪያ ለሁለትና ለሦስት ሰው ያገለግላል። ሌሊት የከሸፈው በሌሊቱ ሰው ልብ ብቻ ከቀረ፣ ጠዋት ሌላው በእምነት ያጎርሰዋል። ስለዚህ ችግር ያሳየ መሣሪያ ባዶ ሆኖ፣ ካዝናው ተነቅሎ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት። በተራ መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የካዝናው ቁጥር፣ የድምፁ ሁኔታና ካፕሱሏ ላይ የታየው ምልክት ይጻፍ። ርክክቡ ላይም ተረኛው ራሱ መዝጊያውን ከፍቶ ይይ፣ በጣቱ ይዳስስ፤ «እኔ አይቼዋለሁ» የሚል ቃል ተቀብሎ ብቻ አይፈርም። ቀዩን ጨርቅ የሚፈታው መሣሪያውን የጠገነው ባለሙያ ነው።